የመስታወት ስቶቭ ንክኪ አልታዘዝ ሲል፦ በአንድ ጽሑፍ ለቀረቡ ምክሮች የተሰጠ ምላሽ

የመስታወት ፊት ያላቸውን የኤሌክትሪክ ስቶቮች በቤት ውስጥ እንዴት መጠገን እንደሚቻል የሚያስረዳ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን በጎንደር ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ ሰንብቷል። እኔ ያነበብሁት ፒያሳ አካባቢ ወዳለው የጥገና ቤቴ ስቶቭ ይዛ የመጣች አንዲት ደንበኛ «ይኼው፣ እንደሚለው አድርጌ ነበር» ብላ ካሳየችኝ በኋላ ነው። ጽሑፉ በአጭሩ የሚመክረው ይህን ነው፦ ንክኪው አልሠራ ካለ በኃይል ወይም በጥፍር መጫን፣ ፊቱን በቤንዚን መጥረግ፣ ሶኬቱን ቶሎ ቶሎ አምስት ጊዜ ነቅሎ መሰካት፣ ችግሩ የመብራቱ መዋዠቅ ስለሆነ ስታብላይዘር (የቮልት ማስተካከያ) መግዛት፣ የጎንደር ከፍታ ለንክኪ እንደማይመች ማወቅ፣ በማሳያው ላይ የስሕተት ቁጥር ከወጣ ቦርዱን (የስቶቩን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) መለወጥ፣ መስታወቱ ከተሰነጠቀም በሱፐር ግሉ አጣብቆ መጠቀም። ከእነዚህ አንዳንዶቹ የእውነት ፍሬ ያለባቸው፣ አንዳንዶቹ ለከንቱ ወጪ የሚዳርጉ፣ ሁለቱ ደግሞ ሰው የሚጎዱ ናቸው። ጸሐፊው ለሰው አስበው እንደ ጻፉት ስለማምን፣ ምላሼ የሚመለከተው ምክሮቹን ብቻ ነው።

ወደ ነጥቦቹ ከመግባቴ በፊት ጽሑፉ የዘለለውን ነገር ላስቀድም። ንክኪው እንዴት እንደሚሠራ አንድም ቦታ አልተገለጸም፤ አብዛኛው ስሕተት የመነጨውም ከዚህ ይመስለኛል። በመስታወቱ ላይ የተሣሉት የመደመርና የመቀነስ ምልክቶች ወደ ታች የሚሰምጡ ቁልፎች አይደሉም። መስታወቱ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው፣ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ አካል ነው። ከሥሩ፣ በእያንዳንዱ ምልክት ትይዩ፣ በቦርዱ ላይ የተቀመጠ የመዳብ ገጽ ወይም መስታወቱን ከታች የሚነካ ትንሽ ሞላ አለ። ቦርዱ ላይ ያለው ቺፕ ይህ ሞላ ምን ያህል ቻርጅ መያዝ እንደሚችል ያለማቋረጥ ይለካል። የሰው ጣት ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ወደ መስታወቱ ሲጠጋ ያ መጠን በጥቂቱ ይጨምራል፤ ጭማሪው ብዙውን ጊዜ 1 ፒኮፋራድ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው፤ ፒኮፋራድ ማለት ደግሞ ቻርጅ የመያዝ አቅም የሚለካበት የአንድ ፋራድ ትሪሊዮንኛ ክፍል ነው። ቺፑ ይህን ያህል ኢምንት ልዩነት ሊያውቅ የሚችለው ማንም ሳይነካው ከያዘው መነሻ ልክ ጋር እያነጻጸረ ነው። እንግዲህ ንክኪው የሚሳሳተው መነሻ ልኩ ሲዛባ፣ በጣትና በሞላው መካከል ያልታሰበ ነገር ሲገባ፣ ወይም ወደ ስቶቩ የሚመጣው ኃይል ሲረበሽ ነው። አንዳንድ የቆዩ ስቶቮች ግን ከሥር የኢንፍራሬድ ብርሃን ልከው ከጣት ላይ ነጥሮ ሲመለስ የሚያነቡ ናቸው፤ በእነዚህ ላይ ከአናት የተንጠለጠለ ኃይለኛ አምፖል ወይም በመስኮት ገብቶ በቀጥታ የሚያርፍ ፀሐይ ብቻውን ንክኪውን ሊያሳስተው ይችላል።

አሁን «በኃይል ይጫኑት፣ ካልሆነም በጥፍርዎ ይሞክሩ» ወደሚለው የመጀመሪያ ምክር ልመለስ። ከላይ እንደተባለው ቺፑ የሚለካው ጉልበትን አይደለም፤ ስለዚህ የጣት ኃይል የሚጨምርለት ነገር የለም። ጥፍር ደግሞ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ከሁሉም የባሰ ምርጫ ነው። የሚሠራው የጣትን ሆድ በምልክቱ ላይ አጋድሞ አንድ ሰከንድ ያህል ማሳረፍ ነው። በበጋ እጁ የደረቀና የተሰነጣጠቀ ሰው፣ በተለይም በግንባታና በእርሻ ሥራ ላይ ያለ፣ ንክኪው አልሰማ ሊለው ይችላል፤ እጁን ታጥቦ በደንብ ካደራረቀ በኋላ፣ ቆዳው ገና ለስላሳ እንዳለ ቢሞክር ብዙ ጊዜ ይሳካለታል። የምሰጋው ደግሞ ከጣት በኋላ ለሚመጣው ነው። በጣቱ ተጭኖ ያልተሳካለት ሰው በማንኪያ እጀታ መምታት ይጀምራል፤ ይህ መስታወት ከባድ ድስት ቢሸከምም በአንዲት ነጥብ ላይ ለሚያርፍ ምት ግን ደካማ ነው።

በዚሁ ነጥብ ላይ ጽሑፉ ሊያነሣው ሲገባ ያላነሣው ነገር መቆለፊያው ነው። አብዛኞቹ የመስታወት ስቶቮች ሕፃናት እንዳይነካኩት የሚያደርግ መቆለፊያ አላቸው፤ ምልክቱ ቁልፍ ወይም ጓጉንቸር ሲሆን፣ ሦስት ሰከንድ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ሲያዝ ይቆለፋል፣ እንደገና ሲያዝ ይከፈታል። በማሳያው ላይ «ኤል» ወይም «ኤልኦ» የሚል የላቲን ፊደል ከታየ ብዙ ጊዜ ስቶቩ ተቆልፏል ማለት ነው። ከአዘዞ በባጃጅ ስቶቭ አስጭነው የመጡ አንዲት አዛውንት «ልጄ፣ ይኼ ነገር ሞቶ ነው ወይስ ተኝቶ?» አሉኝ። «እናቴ፣ ተቆልፎ ነው» ብዬ ምልክቱን በጣቴ ይዤ ከፈትሁላቸው። እኔ ገንዘብ ባልቀበላቸውም የባጃጁን ደርሶ መልስ ከፍለዋል፤ ጽሑፉ ስለ መቆለፊያው አንድ ዐረፍተ ነገር ቢኖረው ያ ወጪ አይኖርም ነበር።

የቤንዚኑ ምክር ከሁሉ ይልቅ ያስጨነቀኝ ነው። ጸሐፊው ቅባት ንክኪን ያበላሻል ማለታቸው ትክክል ነው፤ ቤንዚን ቅባትን ያለቅቃል ማለታቸውም እንዲሁ። ነገር ግን የቤንዚን ተን የሚዘረጋው ሙቀት ሊኖርበት በሚችል ገጽ ላይ ነው። ስቶቩ ከጠፋ በኋላ በማሳያው ላይ የምትቀረው «ኤች» የምትባል ፊደል ማብሰያው ገና ትኩስ መሆኑን የምታስጠነቅቅ ናት፤ ከሥሩ ቀይ ፍም መስሎ በሚሞቀው ዓይነት ስቶቭ ላይ የመስታወቱ ሙቀት ቤንዚን ያለ ክብሪት በራሱ ከሚቀጣጠልበት ከ250 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ እጅግ ሊበልጥ ይችላል። መስታወቱ ቢቀዘቅዝ እንኳ ወደ ውስጥ የገባው ተን አለ፤ ስቶቩ ሲበራ «ቀጭ» የሚለው ሪሌ (ኃይሉን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) በእያንዳንዱ ጊዜ ጥቃቅን ብልጭታ ይፈጥራል። ጽሑፉን ያሳየችኝ ደንበኛ በቤንዚን የጠረገችው መስኮቱ በተዘጋ ወጥ ቤት ውስጥ ነበር፤ ሳይቀጣጠል የቀረው በዕድል ነው።

ለማጽዳት የሚበቃው ቀላል ነው። ብሬከሩን ማጥፋት ወይም ሶኬቱን መንቀል፣ መስታወቱ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ፣ በውኃ ረጥቦ በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ላይ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና አድርጎ ማሸት፣ ከዚያ ሳሙናውን በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ማንሣት፣ በመጨረሻም በደረቅ ጨርቅ ማድረቅ። የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ፈጽሞ መንካት የለበትም፤ የሚተወው ጭረት ቅባትና ጨው የሚያድርበት ቦይ ይሆናል። ከማጠቡ ይልቅ ማድረቁ ላይ እንድትተጉ የምለምነው ያለ ምክንያት አይደለም። ውኃ፣ በተለይም ጨው ያለበት ውኃ፣ እንደ ጣት ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ በሁለት ምልክቶች ላይ የተንጣለለ አንድ ጠብታ ለቺፑ ሁለት ጣቶች በአንድ ጊዜ የነኩት ያህል ነው፤ ያኔ ስቶቩ ይጮኻል፣ ወይም ከ10 ሰከንድ ገደማ በኋላ ለደኅንነት ብሎ ራሱን ያጠፋል። ሰው ግን «ተበላሸ» ይላል።

ይህ በእኛ ወጥ ቤት የሚደጋገምበት ምክንያት አለው። ሽሮ ሲንተከተክ ይፈናጠራል፤ የሚፈናጠረውም ዘይት፣ ውኃና ጨው አንድ ላይ ነው። ከ2,100 ሜትር በላይ ባለችው በጎንደር ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ስለሆነ ባቄላውም ሽምብራውም ብዙ ሰዓት ይቀቀላል፤ እንፋሎቱም ያንኑ ያህል ጊዜ ይወጣል። ሰፊ ድስት ከማብሰያው ክብ አልፎ ምልክቶቹን ሲጋርድ ደግሞ ሙቀቱም ብረቱም ወደ ንክኪው ይደርሳል። ስለዚህ ሽሮ የሚሠራ ሰው ከንክኪው ራቅ ባለው የኋላ ማብሰያ ቢጠቀም፣ ባለ አንድ ማብሰያ ከሆነም አነስ ያለ ድስት ቢመርጥና ክዳኑን ገርበብ ቢያደርግ ለእኔ የሚመጣው ሥራ በእርግጥ ይቀንሳል፤ ቢቀንስም ደስ ይለኛል።

ሦስተኛው ምክር፣ ነቅሎ መሰካት፣ በሐሳብ ደረጃ ልክ ሆኖ በአፈጻጸሙ የተበላሸ ነው። በስቶቩ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች (ቻርጅ የሚያጠራቅሙ ዕቃዎች) ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ለጥቂት ጊዜ ቻርጅ ስለሚይዙ፣ ቶሎ ቶሎ ቢነቀልና ቢሰካ ቺፑ እንደጠፋ ላያውቅ ይችላል፤ በሶኬቱ ጫፍ ላይ የሚፈጠረው ብልጭታ ግን በየጊዜው ሶኬቱን ያቃጥለዋል። አምስት ጊዜ ከመንቀል አንድ ጊዜ ነቅሎ አምስት ደቂቃ መጠበቅ ይሻላል። ከሁሉ በላይ ወሳኙ ደግሞ መልሶ በሚሰካበት ቅጽበት በመስታወቱ ላይ ምንም ነገር አለመኖሩ ነው፤ ጨርቅም፣ ክዳንም፣ ጭልፋም፣ ጣትም። ቺፑ መነሻ ልኩን የሚይዘው ኃይል እንደገባለት ወዲያውኑ ነውና፣ በዚያ ሰዓት እርጥብ ጨርቅ ካገኘ ጨርቁን «ማንም ያልነካኝ ሁኔታ» ብሎ ይመዘግበዋል። ጨርቁ ሲነሣ ደግሞ የለካው ሁሉ ከመነሻው በታች ስለሚሆንበት ጣት ቢነካውም ላይሰማ ይችላል።

ብዙ ሰዎች «መብራት ሄዶ ሲመጣ ተቃጠለ» የሚሉት፣ በእኔ ልምድ፣ አዘውትሮ ይኸው ሆኖ ይገኛል። ወጥ እየተሠራ መብራት ይሄዳል፤ ባለቤቷ በጨለማው ጭልፋውንና ክዳኑን መስታወቱ ላይ ታስቀምጣለች፣ ወይም «እስኪመጣ ልጥረገው» ብላ እርጥብ ጨርቅ ታሳርፍበታለች፤ መብራቱ በዚያው መሐል ይመጣል። ስቶቩ አልተቃጠለም፤ የተሳሳተ መነሻ ይዞ ተነሥቷል እንጂ። መብራት ሲሄድ ሶኬቱን መንቀል፣ ሲመጣም ጥቂት ደቂቃ አቆይቶ በባዶና በደረቅ መስታወት መሰካት ይህንንም ይከላከላል፤ ኃይሉ ሲመለስ ከሚመጣው የቮልት ዝላይም ያድናል።

ስለ ስታብላይዘሩ የተጻፈው በከፊል እውነት ነው፤ ቮልት ሲወርድ ለንክኪው ቺፕ የሚደርሰው ትንሽ ኃይል ይረበሻል። ነገር ግን አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ቮልቱ የወረደው የት ላይ ነው የሚለው ነው። 2,000 ዋት የሆነ ስቶቭ በ220 ቮልት 9 አምፔር ገደማ ይስባል። የላላ ሶኬት ወይም ርካሽ ዲቫይደር ግማሽ ኦም ብቻ ተቃውሞ ቢፈጥር ከ4 ቮልት በላይ እዚያው ይቀራል፤ በዚያች ነጥብም 40 ዋት የሚሆን ሙቀት ይፈጠራል። እኔ ቦርድ ላይ ሊድ የማቀልጥበት ብረት የሚፈልገው ኃይል ይህን ያህል ነው። ስለዚህ ስታብላይዘር ከመግዛታችሁ በፊት ስቶቩን ለግማሽ ሰዓት ካሠራችሁ በኋላ አጥፍታችሁ፣ ሶኬቱን ነቅላችሁ፣ ጫፉን በጥንቃቄ አስተውሉት። ከሞቀ፣ ከጠቆረ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተ ጥፋቱ ከስቶቩ ውጭ ነው። ዲቫይደር ለስቶቭ አይሆንም፤ ስቶቭ ከግድግዳው ሶኬት በቀጥታ መሰካት አለበት። ለቴሌቪዥን የተገዛ የ1,000 ቪኤ (ቢበዛ 1,000 ዋት የሚችል) ስታብላይዘር ላይ ይህን ስቶቭ መሰካት ስታብላይዘሩን ማቃጠል ነው።

ንክኪው ሳይነካ በራሱ ሲበራና ሲጠፋ ደግሞ ስታብላይዘር ጨርሶ መፍትሔው ላይሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ጠባይ ከእርጥበት ቀጥሎ የሚመጣው ከኤሌክትሪክ ረብሻ ነው፤ ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርድ የደኅንነት ሽቦ) ባልተዘረጋለት ቤት፣ በጄኔሬተር ወይም ንጹሕ ሞገድ በማይሰጥ ኢንቨርተር (የባትሪን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይር ዕቃ) በሚሠራ ስቶቭ ላይ ይታያል። ኧርዙን በባለሙያ ማስፈተሽ ከስታብላይዘሩ ዋጋ ያነሰ፣ ለሰው ሕይወትም የሚጠቅም ሥራ ነው። በቤቱ ሁሉ አምፖሎች በአንድ በኩል ሲደምቁ በሌላ በኩል የሚፈዙ ከሆነ ግን ኒውትራሉ (የኤሌክትሪኩ መመለሻ ሽቦ) ላልቶ ሊሆን ስለሚችል ሁሉንም ዕቃ ነቅሎ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት ማመልከት ያስፈልጋል፤ ከቆጣሪው በፊት ያለውን መስመር ማንም በራሱ መንካት የለበትም። ባለ አራት ማብሰያ የሆኑትና በሁለት ፌዝ (ኃይል በሚያመጡ ሁለት ሽቦዎች) እንዲገቡ የተሠሩት ስቶቮች ደግሞ የራሳቸው አደጋ አላቸው፤ ኒውትራል በሚገባበት ቦታ ፌዝ ከታሰረ ቦርዱ ላይ በ220 ቮልት ፋንታ 380 ቮልት ያርፋል፤ በመጀመሪያው ቀን የሞተ አዲስ ስቶቭ ሲያጋጥመኝ አስቀድሜ የምመለከተው አገባቡን ነው።

ከፍታ ንክኪን አያበላሽም። በጣትና በሞላ መካከል ያለው መስታወት በጎንደርም በባሕር ጠረፍም ያው መስታወት ነው። ሆኖም ጸሐፊው ካሰቡት በተለየ መንገድ ከፍታው አንድ ነገር ይነካል። አየራችን ከባሕር ጠለሉ አየር ይልቅ በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ስለሆነ የስቶቩ ማራገቢያ የሚያወጣው ሙቀት ይቀንሳል፤ የቤት ዕቃዎች የደኅንነት መለኪያዎችም በመደበኛነት የሚታሰቡት እስከ 2,000 ሜትር ድረስ ላለ ቦታ ነው። ስለዚህ ስቶቩን ከግድግዳ ማራቅ፣ የማራገቢያውን ቀዳዳም በላስቲክ ወይም በጨርቅ አለመድፈን ከሌላው ቦታ ይልቅ እዚህ ይበረታል።

«የስሕተት ቁጥር ከወጣ ቦርዱ ሞቷል» የሚለው አባባል ለጠጋኙ ገበያ የሚጠቅም፣ ለባለቤቱ ግን የሚጎዳ ነው። አንድ ቁጥር በሁሉም ስቶቭ ላይ አንድ ትርጉም የለውም፤ ትርጉሙ የሚገኘው ከስቶቩ ጋር በሚመጣው መመሪያ ላይ ነው። በብዙ ተንቀሳቃሽ ኢንዳክሽን ስቶቮች (ድስቱን ራሱን በማግኔት ኃይል የሚያሞቁ) ላይ «ኢ0» የሚታየው ተስማሚ ዕቃ ስላልተጣደ ብቻ ነው። ጀበና በኢንዳክሽን ላይ ጥዶ ይህን ቁጥር ያየ ሰው ስቶቩን ይዞ ወደ እኔ መጥቷል፤ ሸክላ በማግኔት የማይሳብ ስለሆነ ስቶቩ ያላወቀው ትክክል ሆኖ ነው። የአሉሚኒየም ድስትም እንዲሁ ነው። ማግኔት ከዕቃው ቂጥ ላይ ከተጣበቀ ለኢንዳክሽን ይሆናል፤ ካልተጣበቀ አይሆንም።

ቦርድ ከመለወጡ በፊት ጠጋኝ ሊመለከታቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ፤ ባለቤቱም ተመልክተዋቸው እንደሆነ ሊጠይቅ ይገባል። መጀመሪያ የንክኪውን ቦርድ ከዋናው ቦርድ ጋር የሚያገናኘው ሪባን ኬብል (ጠፍጣፋ የሽቦ ጥብጣብ) ነው፤ ጫፉ ላልቶ ወይም አረንጓዴ ዝገት ይዞ ከሆነ አጽድቶ መልሶ ማስገባት ይበቃል። ቀጥሎ ሞላዎቹ ናቸው። አንዱ ብቻ ከተጣመመና መስታወቱን መንካት ካቆመ በመካከሉ አየር ይገባል፤ አየር ደግሞ የጣትን ምልክት ከመስታወት በጣም ባነሰ መጠን ስለሚያሳልፍ ያ አንዱ ምልክት ብቻ ይደነቁራል። ሌሎቹ ሁሉ እየሠሩ አንዱ ብቻ እምቢ ካለ እኔ ከሞላው እጀምራለሁ። ከዚያ በረሮ አለ፤ ሙቀቱን ፈልጎ ገብቶ በቦርዱ ላይ የሚተወው ቆሻሻ እርጥበት ሲያገኝ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። በክረምት ደግሞ ከድስቱ የሚወጣው እንፋሎት ወደ ውስጥ ገብቶ በቀዝቃዛው ሌሊት በቦርዱ ላይ ጤዛ ይሆናል፤ እንዲህ ያለው ስቶቭ ተነቅሎ አየር በሚዘዋወርበት ደረቅ ቦታ አንድ ሁለት ቀን ቢቆይ ያለ ምንም ጥገና ሊነሣ ይችላል። በመጨረሻም የሙቀት ሴንሰሩ (መለኪያው) አለ፤ በክፍል ሙቀት ላይ ብዙ ጊዜ 100 ኪሎ ኦም አካባቢ የሚያነበው ይህ ትንሽ ዕቃ ከተቋረጠ ስቶቩ ቁጥር ያወጣል፤ ዋጋው ግን ከቦርዱ ጋር አይወዳደርም። እነዚህ ሁሉ ደኅና ሆነው ሲገኙ ብቻ ስለ ቦርድ እንነጋገራለን። ይህን የምለው ለጠጋኞች ነው፤ 220 ቮልት በዲዮዶች (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፉ ዕቃዎች) አልፎ ካፓሲተሩ ላይ ሲጠራቀም 311 ቮልት ገደማ ይደርሳልና፣ የማያውቅ ሰው የስቶቩን ሆድ እንዲከፍት አልመክርም።

የተሰነጠቀ መስታወትን በሱፐር ግሉ ስለ ማጣበቅ ረጅም ክርክር አያስፈልግም። ሙጫው የማብሰያውን ሙቀት አይችልም፤ ሲሞቅ ይለቃል፣ መጥፎ ጢስም ያወጣል። ስንጥቁ ፀጉር ቢያክልም የፈላ ሾርባ በእርሱ አልፎ ኃይል ወዳለበት ሽቦ ይወርዳል፤ ከዚያ ኤሌክትሪኩ ወደ ብረት ድስቱና ድስቱን ወደ ያዘው እጅ ሊሻገር ይችላል። መስታወቱ የተሰነጠቀ ስቶቭ ከብሬከሩ ላይ ይጠፋል፣ ይነቀላል፣ መስታወቱ እስኪለወጥም አይበራም፤ ለሙከራ እንኳ ቢሆን እኔ ራሴ አልሰካውም። ጸሐፊው ጽሑፋቸውን መልሰው ማረም የሚችሉ ናቸውና፣ ሌላው ሁሉ ቢቆይ የቤንዚኑንና የሱፐር ግሉን ምክር ዛሬውኑ እንዲያወጡት በትሕትና እጠይቃለሁ።